አመለኛ የተባለው ፈረስ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚራገጥ፣ ለሚናከስ ወይም ኮርቻ ሲያይ ለሚበረግግ ጎረምሳ ፈረስ አንድ ቃል ይበቃዋል፤ «አመለኛ» ይባላል። ስሙ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ዋጋው ይወርዳል። ባለቤቱ የፈረሱ ወሬ ያልደረሰበት ሩቅ ገበያ ይፈልግለታል። ገዢው ደግሞ ከንፈሩን ገልጦ በጥርሱ ዕድሜውን ይቆጥራል፤ እዚያው አፍ ውስጥ ሕመም ይኖር እንደሆነ ግን አያይም። «አመል ያወጣል ከመሐል» የሚለው ተረት የተነገረው ለሰው ቢሆንም በፈረስ ላይ ሲደርስ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ይሆናል።

አመልና ሕመም በጆሮ ይቀራረባሉ፤ በፈረስ ገላ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ተቀራርበው ይኖራሉ። ፈረስ አውሬ የሚያድነው እንስሳ ነው። ማነከሱን ያሳየ ፈረስ በዱር ቀድሞ የሚበላው እሱ ስለሆነ ቁስሉን መደበቅ ከተፈጥሮው ነው። ውሻ ሲመታ ያላዝናል፤ ፈረስ ጀርባው እየተላጠም ዝም ይላል። የቀረለት ቋንቋ ጆሮ ማጠፍ፣ ጅራት መወንጨፍ፣ መንከስ፣ መራገጥ፣ በኋላ እግሩ መቆም ብቻ ነው። የፈረስን ጠባይ በቅርብ የሚያውቅ አገር ይህን ቋንቋ እንዴት «አመል» ብሎ ብቻ ሊፈታው ቻለ? መልሱ ያለው በአብዛኛው በአገሩ ታሪክ ውስጥ ነው።

አገሩ የፈረስ አገር ነው። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ ብርዱንና ሣሩን ለዙሪያው ያካፍላል። በላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ስለ አየሩ ይናገራል። ወደ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ወደ ስማዳ ወገዳ፣ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ሲኬድ ደጋው በገደል እየተቆረጠ፣ ሸለቆው እየጠለቀ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ይወርዳል። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ እህል ገበያ የሚወጣው፣ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው፣ ሙሽራ የምትመጣው በጋማ ከብት ነው። ባዝራዋ ደግሞ ሌላ ዋጋ አላት፤ ከአህያ ተዳቅላ ከፈረስ ይልቅ የሚወደደውን በቅሎ ትወልዳለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በ8 ከፍሎ የሰሜኑን ደጋ ፈረስ «አቢሲኒያ» በሚል ስም ለብቻው አስቀምጦታል። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ኮቴው ጠንካራ፣ ጥቂት በልቶ ገደል የሚወጣ ፈረስ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፈረስ ለዘመናት የከበረው በጭነት ሳይሆን በጦር ነው። ጎንደር ተቀምጦ የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የሐበሻ መንግሥት የፈረሰኛ ጉልበት በጌምድር መሆኑን ጽፏል። በ1763 ዓ.ም. በሰርባኩሳ ራስ ሚካኤል ስሑልን ድል ካደረጉት ጦሮች አንዱ የበጌምድሩ የወንድ በወሰን ጦር ነበር። ከዚያ የየጁ መሳፍንት መጡ። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ ፈረሰኛ የበዛለት መኮንን የሚፈራበት ዘመን ሆነ። ከቋራ የተነሡት ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሆኑም በኋላ ወታደሩ የሚጠራቸው በፈረሳቸው ስም «አባ ታጠቅ» እያለ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ ያለፉት በዚሁ በጋይንት ደጋ ነው።

የፈረስ ስም ጉዳይ ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ተብለዋል። ስሙ ከፈረስ ወደ ሰው ሲሻገር የፈረሱ ቁጣ የጌታው ቁጣ ሆኖ ተቆጠረ። በጦር ሜዳ የሚናከስ ድንጉላ ነውር አልነበረበትም፤ እንዲያውም ይዘፈንለት ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው አባባል ድል ከሰው እንጂ ከፈረስ እንዳይጠበቅ ሲያስተምር፣ በጎኑ ደግሞ ፈረሰኞች ከፈረሳቸው ምን ያህል ይጠብቁ እንደነበር ያሳብቃል። የጦር ፈረስ ዘመን በዚህ አገር የተዘጋው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። ያን ቀን የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ በደብረ ዘቢጥ አቅራቢያ ባለው በአንቺም ሜዳ፣ አውሮፕላን ቦምብ በጣለበት ጦርነት በነጭ ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ ተመትተው ወደቁ።

ጦሩ ቀረ፤ ከጦሩ የተወረሰው አስተሳሰብና ዕቃ ግን አልቀረም። ቁጡ ፈረስ «ልብ ያለው» ተብሎ የተደነቀበት አገር ፈረሱ ለጭነትና ለጉዞ ሲዞር ያንኑ ቁጣ «አመል» ብሎ ገረፈው። በሁለቱም ዘመን ቁጣው ከየት እንደመጣ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው።

በጽሑፍ ከቀሩልን የአመለኛ ፈረስ ታሪኮች ሁሉ የሚገርመው የደጃዝማች ፋሲል ፈረስ ነው። በዚያው በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ብሩስ የግሽ ዓባይን ምንጭ ሊያይ ከጎንደር ወጥቶ ባምባ ከሰፈሩት ከዳሞቱ ገዥ ከፋሲል ዘንድ ደረሰ። ንግግራቸው የተካረረ ነበር። ከዚያ ለብሩስ የሚቀመጥበት ፈረስ ተጫነለት። ብሩስ እንደጻፈው ገና ሲወጣበት ፈረሱ በኋላ እግሩ ተራገጠ፣ በፊት እግሩ ተነሣ፣ እንደ ድኩላ አራቱንም እግሩን ከመሬት አንሥቶ ዘለለ። ልጓሙን በጥርሱ ነክሶ ሊፈረጥጥ ሞከረ። ጋላቢው ልጓሙን ላላ ሲያደርግለት ቀለል ብሎት ሽምጥ ወጣ። ብሩስ በሁለት ኮረብታ መካከል ሽቅብ ቁልቁል እያመላለሰ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጋለበው፤ ወደ ሰፈር ተሸክሞት መመለሱንም እስኪጠራጠር ድረስ አደከመው። ፋሲል ነገሩን አላውቅም ብለው ማሉ፤ ፈረሱን ያቀረበውም አሽከር በእግር ብረት ታሰረ። ለብሩስ የራሳቸውን ግራጫ ፈረስ ሰጡት። አትቀመጥበት፣ ኮርቻና ልጓም እንደተጫነ ከፊትህ ንዳው፣ ያገሬ ሰው ሲያየው ያሳልፍሃል አሉት፤ እንዳሉትም ሆነ።

ተጓዡ ይህን የጻፈው የራሱን ፈረሰኛነት ለማሳየት ነው፤ የሰፈሩም ሰው ያደነቀው ጋላቢውን ነው። አሽከሩ ታሰረ፣ እንግዳው ተካሰ፣ ፈረሱ ግን ወደ ጋጡ ሲመለስ ጀርባውን የዳሰሰ፣ አፉን የከፈተ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። የዛሬ የእንስሳት ሐኪም ያንን ገጽ ቢያነብ ዓይኑ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ልጓሙ ሲጠብቅ ፈረሱ ያብዳል፣ ሲላላ ይቀለዋል። ይህ ብቻውን ምን አሞት እንደነበር አያረጋግጥም። ምርመራውን ከየት መጀመር እንደሚገባ ግን ይናገራል፤ ከአፍ።

የጥንቱ የኢትዮጵያ ልጓም የጦር ልጓም ነው። በአፍ ውስጥ ወደ ላንቃ ከፍ ያለ ብረት አለው፤ ከዚያ ላይ የተያያዘ ቀለበት የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን ያስረዋል። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ምላስና ላንቃ ይጫናል፤ ቀለበቱ የአገጩን አጥንት ይቀረቅራል። በአንድ እጁ ጋሻ፣ በሌላው ጦር ለያዘ ሰው እንዲህ ያለ ልጓም ግድ ነበር፤ በጣት ሲነካ የሚያቆም መሣሪያ ያስፈልገዋል። እርካቡም እንደዚሁ ከአገሩ ልማድ የተቀዳ ነው። ባዶ እግሩን የሚጋልበው ሰው አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባባት ትንሽ ቀለበት ነበረች። የሠለጠነ እጅ ይህን ልጓም እንደ ፈትል ይይዘዋል። ያልሠለጠነ ወጣት በጥምቀት ማግሥት ጉግስ ሲጫወት ግን ያንኑ ብረት እንደ ገመድ ይጎትተዋል።

ነገሩን የሚያባብሰው ዕድሜው ነው። ፈረስ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ 24 የወተት ጥርሶቹን ጥሎ በቋሚ ይተካል፤ የመጨረሻው መንጋጋም በዚያው ሰሞን ይወጣል። ከዚህ ሌላ የውጭ ሐኪሞች የተኩላ ጥርስ የሚሏት ትንሽ ጥርስ ከመንጋጋዎቹ ፊት፣ ልክ ልጓም በሚያርፍበት አካባቢ ትበቅላለች። የወተቱ ጥርስ ሳይወድቅ እንደ ቆብ በአዲሱ ላይ ከቀረ ድዱ ያብጣል፤ ጉንጩ በሾለ ጥርስ ይቆስላል። እንግዲህ ፈረስ የሚገራው መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ ልክ በዚሁ በ3 እና በ4 ዓመቱ ነው። ድዱ ባበጠበት ወር ብረት ይጎርሳል። ራሱን ቢወነጭፍ፣ ሊለጉመው የሚመጣውን እጅ ቢነክስ ምን ያስደንቃል? ምልክቱን ለሚፈልግ ሰው በግልጽ ይታያል። ሲያኝክ ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ያላመውን ድርቆሽ ድብልብል አድርጎ ይጥላል። ፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ ይገኛል። ውኃ ቀዝቀዝ ሲል መጠጣት ይፈራል።

ከአፍ ቀጥሎ ጀርባ ይመጣል። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ «ገጣባ»። ለኮርቻና ለጭነት ቁስል ራሱን የቻለ ስም ያወጣ ሕዝብ ቁስሉን በደንብ ያውቀዋል ማለት ነው። የማይታወቀው ገጣባ ከመሆኑ በፊት ያለው ወራት ነው። ቆዳው ሳይላጥ በፊት ከሥሩ ያለው ሥጋ ይደማል፤ ጸጉሩ እንዳለ ስለሆነ ለዓይን ምንም የለም። የአገሩ ኮርቻ ከእንጨት ተጠርቦ በጥሬ ቆዳ የተለበደ፣ ከፊትና ከኋላው ከፍ ያለ ነው። አንዴ ከደረቀ ቅርጹን አይለውጥም። ጎረምሳ ፈረስ ግን ቅርጹን በየወሩ ይለውጣል። በክረምት ሣር በልቶ ይሰፋል፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ይከሳል፤ ትከሻውም ገና እየወጣ ነው። የጀርባው አከርካሪ አጥንቶች እድገታቸውን የሚጨርሱት ደግሞ ወደ 5 እና 6 ዓመቱ ሲጠጋ ነው። በ2 ዓመቱ ሙሉ ሰውና ጭነት የተሸከመ ፈረስ በ4 ዓመቱ ሲራገጥ ዕዳውን እየጠየቀ ነው።

ጀርባን መመርመር ገንዘብ አይጠይቅም። ፈረሱ ሜዳ ላይ በለኮ ብቻ ተይዞ፣ ሁለት ሦስት ጣት ከትከሻው ጀምሮ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ጫን እያለ እስከ ሽንጡ ይወርዳል። ጤነኛ ጀርባ ትንሽ ይረግባል፤ ፈረሱም ዞር ብሎ አያይም። የታመመው ቆዳው ይርገበገባል፣ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያጥፋል፣ ሊነክስ ይዞራል። የሆድ ጠፍሩ የሚያርፍበት ቦታም አይረሳ። ጠባብ ደረቅ ጠፍር ከፊት እግሩ ሥር የሚልጠው ስስ ቆዳ ለብዙ «ሲጭኑት የሚናከስ» ፈረስ ምክንያት ነው። ግላሱን እያጠፉ መደረብ ያስታግሳል ተብሎ ይታመናል። ኮርቻው ከጠበበ ግን ግላሱ ሲደረብ ይበልጥ ይጠብበታል።

ልምድ ያለው ባልደራስ ይህን ሁሉ ያውቀው እንደነበር መጠራጠር አይገባም። ባልደራስነት በቤተ መንግሥት ሹመት ነበር፤ በየመኳንንቱ ቤትም ፈረስ የሚያሳድር፣ የሚያበላ፣ የሚገራ ሰው ነበረ። ዕውቀቱ ግን በእጅ የሚተላለፍ ስለነበር መኳንንቱ ሲበተን አብሮ ተበተነ። በገበሬው ቤት የቀረው ሕክምና ከዚያ የጠበበ ነው። ደም ማውጣት፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ የቅጠል መድኃኒት፣ ቡዳ በላው ሲባል ደግሞ ጢስና ጸበል። ከእነዚህ አንዳንዱ ያስታግስ ይሆናል። መተኮስ ግን ለሚናከስ ፈረስ በሕመም ላይ ሕመም ነው። ብረት ይዞ የሚመጣ ሰውን እንዲፈራ ምክንያት ይጨምርለታል። «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት» ማለት ይህ ነው።

የመብሉ ነገር ሌላ ታሪክ ነው። ጉግስ የሚጫወት ፈረስ ጥምቀት ሲቃረብ ገብስ፣ ባቄላና አተር ይጨመርለታል፤ ከሥራም ያርፋል። ጋጥ ውስጥ ቆሞ ገብስ የሚበላ ጎረምሳ በበዓሉ ቀን ሲወጣ መሬት አይበቃውም፤ ይህ በሽታ ሳይሆን የመብል ብዛት ነው። ሕመምም ሊሆን ይችላል። እያረፈ ጠንካራ እህል የበላ ፈረስ በድንገት ሲጋለብ የዳሌው ሥጋ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። አውሮፓ ውስጥ ጋሪ ጎታቾች እሑድ አርፈው ሰኞ ሥራ ሲገቡ ይህ ይደርስባቸው ስለነበር የሰኞ ጠዋት በሽታ ይሉታል። በዚያች ሰዓት አልሄድም ያለውን ፈረስ በአለንጋ ማስኬድ ሥጋውን ይበልጥ ማፍረስ ነው።

ስለ ጓያ ማንሣት እዚህ ይገባል፤ አካባቢው ያውቀዋልና። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከጋይንት በስተምሥራቅ በደላንታ ዳውንት ዝናብ ጠፍቶ ጓያ ዋና ምግብ ሲሆን ብዙ ሰው እግሩ ሽባ ሆኗል። ፈረስ ለጓያ መርዝ ከሌሎች የቤት እንስሳት ይልቅ ስስ መሆኑ በሰፊው አይታወቅም። ለሳምንታት ጓያ የበላ ፈረስ የኋላ እግሩ ይደርቃል፤ ሲሮጥ የጉሮሮው ነርቭ ስለሚደክም ትንፋሹ እያፏጨ ይታፈናል። አየር ያጠረው ፈረስ ዳገት ላይ ሲገረፍ ይደነግጣል፣ ይዞራል፣ ጋላቢውን ይጥላል። ለባለቤቱ የሚታየው «እምቢተኛ» ፈረስ ነው።

ጉበትን የሚያበላሹ የዱር ዕፅዋትም አሉ። ሣር በሚጠፋበት በጋ ፈረስ በደህናው ጊዜ የማይነካውን ቅጠል ይግጣል። መርዙ ወራት ቆይቶ ጉበቱን ሲጨርስ ደሙ ሳይጣራ ወደ አንጎሉ ይደርሳል። ያኔ ያለ ዓላማ ይዞራል፣ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ይገፋል፣ ገር የነበረው ድንገት ይቆጣል። ዓይንም አይዘነጋ። በየጊዜው እየተመለሰ ዓይን የሚያቀላ፣ የሚያስለቅስና ቀስ በቀስ የሚያሳውር በሽታ ፈረስን በተደጋጋሚ ያጠቃል። ባንድ ወገን የማያይ ፈረስ ከዚያ ወገን ሰው ሲጠጋው መራገጡ ራስን መከላከል ነው። እስክንድር ልጅ ሳለ አባቱ ሊመልሰው የነበረውን ቡኬፋሎስን ገራ የሚባለው የሚያስደነግጠው የገዛ ጥላው መሆኑን አይቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ ስላዞረው ነው። ከ2300 ዓመት በፊት ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ ገዢ ምርመራውን ከእግር እንዲጀምር፣ ፈረስንም በቁጣ ከቶ እንዳይቀርብ መክሯል። ምክሩ ለስማዳ ዳገት በተለይ ይስማማል። ኮቴው የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ መግል የቋጠረ ፈረስ ቁልቁለት ሲወርድ በየእርምጃው ይወጋዋል።

ድንጉላ መሆን ራሱ አካላዊ ምክንያት ነው። ወንድ ፈረስ ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ይጎረምሳል። ባዝራ በሸተተው ቁጥር መጮኹ፣ ሌላውን ፈረስ መንከሱ፣ ለያዡ አለመታዘዙ የደሙ ሥራ ነው። ሲኮላሽ ብዙው ይበርዳል፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ተኮላሽቶም የድንጉላ ጠባይ የማይለቀው ፈረስ አለ። አንዱ የዘር ፍሬ ወደ ውጭ ሳይወርድ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። ባዝራም በፍላጎቷ ሰሞን ወገቧን ሲነኳት ትቆጣለች፤ ቀኑን ልብ ብሎ የቆጠረ ባለቤት በየ3 ሳምንቱ እንደሚመለስ ያስተውላል።

ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታሰበው ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ገር የነበረ ፈረስ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ተለውጦ የገዛ ገላውን ቢነክስ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተው፣ የኋላ እግሩ ቢንገዳገድ፣ ጥርሱን ለማየት እጅን ወደ አፉ መስደድ ነፍስን ማስያዝ ነው። ውሻው ከነከሰው ሳምንታት ወይም ወራት አልፈው ስለሚሆን ንክሻው ተረስቷል፤ ጠባሳውም በጸጉር ተሸፍኗል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈረሱ በቀናት ውስጥ ይሞታል። የነካው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

ይህን ሁሉ የሚለይ ሐኪም ለምን በቅርብ አልኖረም? የኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና የተወለደው በበሬ ሐዘን ውስጥ ስለሆነ ነው። በ1880 ዓ.ም. የገባው ደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ አመጣ። በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን በእጁ ቆፈረ። ከዚያ ወዲህ ያለው የመንግሥት ጥረት፣ ክትባቱም፣ ዘመቻውም፣ ያንን ቀን ለማስቀረት ነበር፤ ተገቢም ነበር፣ ደስታም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢሾፍቱ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚሆን ክትባት ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞችን ሲያወጣ ኖሯል፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ያስተምራል። ነገር ግን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ ባለበት አገር በወረዳ ክሊኒክ የሚገኘው መርፌና የሆድ ትል መድኃኒት እንጂ የፈረስ ጥርስ ሞረድ አይደለም። እንደ ብሩክና እንደ ስፓና ያሉ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የጋማ ከብትን ሕክምና በአንዳንድ የአገሪቱ ክፍሎች ሲደግፉ ቆይተዋል።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ዕውቀቱ አዲስ ነው። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሱ ዳይሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሥራ በሚጋለብ ፈረስ ላይ የሚታዩ 24 ባሕርያትን ለይተዋል። ጆሮ ማጠፍ፣ አፍ መክፈት፣ ጅራት መወንጨፍ፣ መንቀሳቀስ እምቢ ማለት በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ከ24ቱ 8 ወይም ከዚያ በላይ የታየበት ፈረስ አንድ ቦታ የሚያመው መሆኑ እጅግ ያጠራጥራል። ለዘመናት በጋይንትም በእንግሊዝም አመል ሲባል የኖረው ነገር በቁጥር ተጽፎ ሲነበብ የሕመም መዝገብ ሆኖ ተገኘ።

ወገዳ ላይ ያለ ባለ ፈረስ ይህን ወረቀት አይጠብቅም። የእብድ ውሻ ምልክት አለመኖሩን አይቶ፣ ሐኪም እስኪገኝ ራሱ የሚያደርገው ፈተና አለ። ኮርቻውና ልጓሙ ለ3 ሳምንት ይወርዳሉ፤ እህሉ ይቀነሳል፤ ፈረሱ ሜዳ ላይ ከሌሎች ጋር ይውላል። በዚያም መናከሱ ከቀጠለ መንስኤው በሆዱ፣ በዓይኑ፣ በኮቴው ወይም በጉርምስናው ይፈለጋል። ቁጣው በርዶ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ኮርቻው ከቤት ሲወጣ ገና ከሩቅ አይቶት ጆሮውን ካጠፈ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ኮርቻው ነው። በብዙ ቤት ያ ኮርቻ የአባት ቅርስ ነው፤ የተጠረበውም ለሌላ ፈረስ ጀርባ ነው።